አባቴ ሬዲዮ የሆኑበት ዓመት

ልጄ የሳይንስ ጥያቄዋን የምትሠራው በእኔ ስልክ ነው። መምህሯ በቴሌግራም ይልኩላታል፤ እሷ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ትቀመጥና በጣቷ ነካ ስታደርገው አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ ጥያቄውን ታነብላታለች። ካወቀችው ስልኩ ያጨበጭባል፤ "ጎበዝ!" ይላል። ከሳተችው ደግሞ ሳይቆጣ "እስቲ እንደገና ሞክሪ" ይላታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ያች "ጎበዝ!" መጣችና ቢላዋዬን እንደያዝሁ ቆምሁ።

ቡሬ እንደምታውቋት ናት፤ ከደጅ ባጃጁ ይጮኻል፣ እህል የጫነው አይሱዙ ያጓራል። በዚያ ሁሉ መሀል እንኳ ያች ቃል ጥርት ብላ ተሰማች። ከቤተ ሰቡ ያልሰሟት በሩ አጠገብ ፀሐይ የሚሞቁት አባቴ ብቻ ናቸው። ጆሯቸው ከደከመ ሰነበተ። ያችን ቃል መጀመሪያ ለእኔ ያመጧት ግን እሳቸው ነበሩ። እስቲ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። አጥር ያጥራሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ ከብት ያባርራሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን የሬዲዮዋ ነገር የእሳቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት ሬዲዮ ናት፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ እጀታዋ በሽቦ የተጠገነ። በየሳምንቱ የሳይንስ ትምህርት በእሷ ይመጣል። ባትሪዎቿ ሲደክሙ አባቴ ከሆዷ ያወጧቸውና ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ድንጋይ ላይ እንደ በርበሬ ያሰጧቸዋል። ዶሮ እንዳትጭራቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ፀሐይ የጠገበ ባትሪ ሽታ አለው፤ የጋለ ብረትና የኮመጠጠ ነገር የተቀላቀለበት። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

የባትሪው ክዳን መያዣ ስለተሰበረ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ተጭኖ መያዝ አለበት። ያ ሰው አባቴ ነበሩ። ከጥቁር ሰሌዳው ሥር በርጩማ ላይ ሬዲዮዋን እንደ ሕፃን አቅፈው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ዋሽንት ይሰማል፤ ቀጥላ አስተማሪቷ ትመጣለች። ፊቷን አይተን አናውቅም፤ እኔ ግን እሷ ታየናለች፣ ትሰማናለች ብዬ አምን ነበር። ምክንያቱም ጠይቃ ዝም ትላለች። ዝም ስትል እኛ በአንድ አፍ እንጮኻለን። ጩኸታችን ሲያበቃ "ጎበዞች ልጆች! ትክክል ነው" ትላለች።

ስንስትም ጎበዞች ነን። አንድ ቀን "ላም በምኗ ትተነፍሳለች?" ስትል ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ "በጭራዋ!" ብሎ አንባረቀ።

"ጎበዞች ልጆች!" አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ገና ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነበር፤ ሳቁን እየዋጠ፣ "እሷ ምራሃለች፤ እኔ ግን አልምርህም፤ ቁም!" አለው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሾላ ልበላ ዛፍ ላይ ወጥቼ ወደቅሁ። እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ። ወጌሻው ቀርከሃ ሰንጥቀው ጠፍረው አሰሩኝና፣ "አጥንት ኩሩ ነው፤ ከነኩት ያኮርፋል። መሬት እንዳትረግጪ" ብለው ሄዱ። ከእግሬ ይልቅ ያመመኝ ግን ጠዋት ጠዋት የሚሰማኝ ደወል ነበር። አባቴ ሲደውሉት፣ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ማን ከማን ጋር እየሮጠ እንደሚገባ በሐሳቤ አያለሁ።

እናቴ ክፉ አልነበረችም። ግን ቡሬ ያለች አክስቴ ሱቋ ውስጥ የምታግዛት ልጅ ትፈልግ ነበር፤ እናቴም ነገሩ በልቧ ከገባ ቆይቷል። አንድ ቀን እሳቱን እያዳፈነች ለአባቴ እንዲህ ስትላቸው ሰማሁ፦

"ይኸን ዓመት ከወደቀች በቃ፣ እህቴ ዘንድ ትሂድ። እግሯ እንዲህ ሆኖ ከትንንሾቹ ጋር ደግማ ልትማር ነው?"

"ወድቃማ ነው የተኛችው" አሉ አባቴ። "ስንት ጊዜ ትወድቅልሽ?"

እናቴ አልሳቀችም። እኔ ግን ጋቢውን ተከናንቤ አለቀስሁ።

በሳምንቱ መምህሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ሽንብራ ቆሎ ይዞልኝ ነበር። በሌላው ትምህርት ከደብተሬ ውጤት አይጠፋም አለ፤ ችግሩ ሳይንሱ ነው። ማለፊያው ፈተና ሰኔ ላይ በሬዲዮ ይመጣል፣ ሁለተኛ አይደገምም። "ያን ቀን ተገኝታ ከመለሰች ከጓደኞቿ አትቀርም" አላቸው ለአባቴ። "ትምህርቱ እያመለጣት እንዴት ትመልሳለች ነው ጭንቁ።" መጽሐፍ እንደሆነ ለአንድ ዴስክ አንድ ነው፤ ወደ ቤት አይወሰድም። አባቴ እስከ በር ሸኙት፤ ተመልሰው እግሬን በጋቢ ሸፈኑት።

በሚቀጥለው የሬዲዮ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በበሩ የገባው ብርሃን እስከ አልጋዬ ይደርስ ነበር። እጃቸውን ታጠቡና በርጩማ ስበው ከእግርጌ ተቀመጡ። አንዴ ሳሉ። ከዚያ በአፍንጫቸው ዋሽንት ጀመሩ።

አበዱ ብዬ ደነገጥሁ። እናቴም ከጓዳ ብቅ አለች። ዋሽንቱ ሲያበቃ አባቴ፣ ያ ወፍራም ድምፃቸው ቀጥኖ፣ "እንደምን ዋላችሁ ልጆች! የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምግብ መፈጨት ነው" አሉ።

አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። የሰሙትን ግን እንደ አደራ እህል ከላዩ ሳይዘግኑ ለማድረስ ይጥራሉ። የሚጠፋቸው ነበር፤ ሲጠፋቸው "እዚህ ላይ ባትሪው ደከመ" ይሉና ያልፋሉ። ያልገባቸውን ቃል ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "እኔ ተሸክሜው ነው የመጣሁ፤ ፈትቼ አላየሁት" ይሉኛል።

ያን ቀን መሀል ላይ ሲደርሱ፣ "አሁን በመጽሐፋችሁ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ" አሉና ዝም አሉ።

"አባዬ፣ መጽሐፍ የለንም እኮ።"

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። "እሷ ዝም ያለችበት ነው" አሉ በሹክሹክታ፣ በራሳቸው ድምፅ። ከዚያ ሌላ የሚታይ ስለሌለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም አዞርሁ። የጭቃው ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቆ ነበር፤ መሀል ላይ ምርጊቱ ወድቆ እንደ ቅል የሆድ ቅርጽ ሠርቷል፤ ከዚያ በታች ስንጥቁ ይጠማዘዛል። ምግቡ በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ገባ፣ ከጨጓራ ወደ አንጀት አለፈ ሲሉኝ፣ በዚያ ስንጥቅ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፌ ያ ግድግዳ ሆነ። እናቴ ምርጊት ልትለስንበት ብትነሣ፣ "አንጀቴን እንዳትደፍኚብኝ!" ብዬ ጮኽሁባት።

ዝምታዋንም ይዘውት ይመጡ ነበር፤ ልክ እሷ በምትሰጠን ልክ፣ ሳያሳጥሩ። እኔ እመልሳለሁ። ከዚያ "ጎበዞች ልጆች!" ይላሉ።

"አባዬ፣ እኔ አንድ ነኝ እኮ።"

"እሷ ብዙ አድርጋ ከላከችው እኔ ማን ነኝ የምቀንስ?"

"ተሳስቼ ቢሆንስ?"

አሰቡ። "እሱን እኔ በምን አውቄው ልጄ? ጎበዝ መባል ግን ማንንም አይጎዳ" አሉ።

ከሁሉ የማልረሳው የድምፅ ትምህርት ነው። "ጆሯችሁን ዴስኩ ላይ ለጥፉ፤ ጓደኛችሁ ከወዲያ ጫፍ በጥፍሩ ይቧጥጥ" አለች አስተማሪቷ በአባቴ አፍ። ዴስክ የለንም። አልጋዬ ግን ከባሕር ዛፍ ወጋግራ የተሠራ ነበር። ጆሮዬን ከራስጌ ለጠፍሁ፤ አባቴ ከእግርጌ በዚያ በደደረ ጥፍራቸው ቧጠጡ። እናንተዬ! ከውጭ አይጥ የምታህል ድምፅ፣ በእንጨቱ ውስጥ ወፍጮ ሆና መጣች።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ! አሁን ደግሞ እርስዎ ይስሙ!"

አባቴ ተንበርክከው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቧጠጥሁላቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። "ድምፅ በእንጨት ውስጥ ይሄዳል ማለቷ ይኸን ኖሯል!" አሉ። ተሸክመው ያመጡትን ሸክም ሲፈቱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ሰኔ ገባ። በፈተናው ቀን እግሬ ገና ስላልጠና አባቴ አዝለውኝ ሄዱ። ጭቃው ይሸታል፣ ሰማዩ እንደ ጀበና ታች ጠቁሯል። ጓደኞቼ ዴስኬ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። መምህሩ ሥዕል ያለበትን ወረቀት አደለን፤ ሬዲዮዋ ስትጠይቅ ትክክለኛውን ሥዕል እናከብባለን። አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ዋሽንቱ ተሰማ።

ዋሽንቱ ሳያልቅ ዝናቡ መጣ።

በቆርቆሮ ሥር የጎጃምን የሰኔ ዝናብ የሰማ ያውቀዋል፤ ጎንህ ያለ ሰው እንኳ አፉን ብቻ ነው የምታየው። "አይሰማም! አይሰማም!" ብለን ጮኽን። መምህሩ ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ እሷ ከመንሾካሾክ አላለፈችም። ፊቱ አመድ ሆነ። ወረቀቴን አየሁ፤ አክስቴን፣ ሱቋን፣ ከባንኮኒው ኋላ የቆመችውን ራሴን አየሁ።

ያን ጊዜ አባቴ ጆሯቸውን ድምፅ በሚወጣበት በሬዲዮዋ ወንፊት ላይ ለጠፉ።

"ጥያቄ አንድ!" አሉ፤ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ፣ ደም ሥራቸው እስኪገተር።

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም፤ ሮጦ ክፍሉ መሀል ቆመና አባቴ ያሉትን እየተቀበለ ለኋለኞቹ አስተጋባ። እሷ ዝም ስትል አባቴ ይጮኻሉ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ መምህሩ ይጮኻል። ሳቁ ወዲያው ቆመ፤ እርሳስ ብቻ ቀረ። እኔስ ደስ አለኝ? ቀናሁ እንጂ! ያች ሬዲዮ የእኔ ብቻ ናት ብዬ ነበር፤ ይኸው የሁሉም ሆነች። ግን ቃሉ ለእነሱ በጩኸት ሲደርስ ለእኔ ከአባቴ ከንፈር ቀድሞ ይደርሰኛል፤ ለምጄዋለኋ። "ጨጓራን አክብቡ" ሲሉ ሥዕሉን አየሁት። ግድግዳችን ነበር። እንዲያውም የእኛ ግድግዳ ከሥዕሉ የተሻለ ነበር።

ሲያልቅ "ጎበዞች ልጆች!" ብለው አባቴ የመጨረሻውን ጮኹ፤ ክፍሉም ከዝናቡ በላይ አጨበጨበ። ጆሯቸውን ከሬዲዮዋ ሲያላቅቁ የወንፊቱ ነጠብጣብ ጉንጫቸው ላይ ታትሞ ቀርቶ ነበር። አዝለውኝ ስንመለስ በጣቴ እየነካሁት ሄድሁ።

አለፍሁ። መምህሩ ራሱ መጥቶ ሲነግረን እናቴ ወደ አባቴ ዞር አለችና፣ "እንግዲህ ዳኛው ሬዲዮ ከሆነ ማን ይግባኝ ይላል" አለች። የአክስቴ ነገር ያን ቀን ተዘጋ። ስምንተኛ እስክጨርስ ተማርሁ። ከዚያ ሕይወት ባመቻት በኩል ወሰደችኝ፤ ቀሪውን በእጄ የገባውን ሁሉ እያነበብሁ ለራሴ አስተማርሁት። አሁንም ማንበብ ስጀምር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ ልማድ ነው።

ትናንት ታዲያ ስልኩ ልጄን ስለ ድምፅ ጠየቃት። ዞር ብላ፣ "አባባ! ድምፅ በእንጨት ውስጥ ያልፋል ወይ?" አለቻቸው። አባቴ ያን ጆሮው የደከመ ሰው ፈገግታ ፈገግ አሉ። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አይሰሙም እኮ፣ እማ" አለችኝ።

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። አባቴን ደግፌ ጠረጴዛው ዘንድ አስቀመጥኋቸው። እንዲያዩኝ ብዬ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጠፍሁ፤ ከዚያ ለእሳቸው ጠቆምኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ነጭ ጺማቸውን ጣውላው ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ከወዲያ ጫፍ በጥፍሬ ቧጠጥሁ።

ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው። ልጄ ልትናገር አፏን ከፈተች።

"ዝም በይ" አልኋት። "እዚህ ላይ ዝም ነው።"

እንደገና ቧጠጥሁ፤ ጠንከር አድርጌ። የአባቴ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ። ፊታቸው፣ ያ ያኔ አልጋዬ ሥር ተንበርክከው ሳሉ ያየሁት ፊት፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ መጣ። ራሳቸውን ሳያነሡ በአፍንጫቸው ዋሽንቱን ሞከሩት፤ መሀል ላይ ተቆረጠባቸው። ቢሆንም አልተዉትም።

"ጎበዞች ልጆች" አሉ፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ።

በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩም ልክ ነበር፤ እኔና ልጄ ሁለት ነበርን። ልጄ ሮጣ ከጎኔ ቆመች፤ እሷም በትንሽ ጥፍሯ ቧጠጠችላቸው። ስልኩ መልስ ሲጠብቅ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ጨለመ።