በሦስት ፕሮፎርማ የተገዛው ላፕቶፕ

አቶ እሱባለው ጅማ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የግዥ ሠራተኛ ሆነው ሲያገለግሉ አንድም ጊዜ ተሳስተው አያውቁም። ይህን የሚሉት እሳቸው ናቸው። መጋዘን ውስጥ የተከመሩት የማይጽፉ እስክሪብቶዎችና ከበሩ ሰፍቶ በረንዳ ላይ ዝናብ የበላው የስብሰባ ጠረጴዛ ሌላ ይናገሩ ይሆናል። ቢናገሩም ለእያንዳንዳቸው ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ቃለ ጉባኤና አምስት ፊርማ ስላለ የሚጠይቃቸው የለም። «ዕቃ ይበላሻል፤ ዕቃ ነውና። ሂደቱ ግን አልተበላሸም» ይላሉ።

በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጃቸው ናዝራዊት ዘጠነኛ ክፍል ገባች። በክፍሏ ስድሳ ስምንት ተማሪ አለ፤ የሚሠራው ኮምፒውተር ግን ሦስት ብቻ ነው። ከሦስቱም አንዱ የሚሠራው መምህሩ ጎኑን በቡጢ ሲለው ነው። እናም አንድ ቀን አቶ እሱባለው ከሥራ ሲመለሱ ልጅቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የፓስታ ካርቶን በአሥር ጣቷ ስትደበድብ አገኟት።

«ምን ሆነሻል?» አሉ ደንግጠው።

«ታይፕ እየተለማመድኩ ነው አባዬ።»

ቀረብ ብለው አዩ። ካርቶኑ ላይ ሙሉ ኪቦርድ በእስክሪብቶ ተስሏል። ፊደሎቹ ከመነካካት ብዛት ደብዝዘዋል።

«በካርቶን ይለመዳል?»

«ጣት ይለምዳል። ስህተቱ ነው የማይታየው።»

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት የአቶ እሱባለው ሆድ ባባ። ከሆዳቸው ጥግ ግን ሌላም ነገር አብሮ ተነሳ፤ የሒሳብ ክፍሉ የአቶ ዘለቀ ልጅ ላፕቶፕ አለው። የትኛው ስሜት እንደበለጠ እሳቸውም አልለዩትም። ራት ላይ «ናዝራዊት ላፕቶፕ ይገዛላታል» ብለው አወጁ።

ሚስታቸው ውብነሽ እዚያው ሰፈራቸው መንደራ ቆጪ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ ነገር ማስረዘም የማትወድ ሴት ናት። «ደግ አሰብክ። ነገ ይዘሃት ሂድና ግዛላት» አለች።

«እንደሱ አይገዛም! መጀመሪያ ፍላጎት ይጠናል።»

በማግሥቱ ፋይል ተከፈተ። ናዝራዊት ፍላጎቷን በጽሑፍ እንድታቀርብ ታዘዘች፤ አራት መስመር ጻፈች። «ቀላል ይሁን፤ ትምህርት ቤት ይዤው ስለምሄድ። ባትሪው ይቆይ፤ መብራት ስለሚጠፋ። ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም።» አቶ እሱባለው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና በቀይ እስክሪብቶ «ፍላጎቱ ራዕይ ይጎድለዋል» ብለው ጻፉበት። ከዚያ የራሳቸውን መስፈርት አወጡ። ላፕቶፑ ትልቅ መሆን አለበት፤ ከመንገድ በመስኮት እንዲታይ። ከባድ መሆን አለበት፤ ቀላል ዕቃ ጠንክሮ አያውቅምና። ቀለሙም ደመቅ ይበል።

መጀመሪያ የሄዱት ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከማይቆምበት የሙሐመድሳኒ ሱቅ ነው። ሙሐመድሳኒ ስልክ ይጠግናል፣ ያገለገለ ላፕቶፕም ይሸጣል።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለልጄ። ይህችው ናት።»

«ትምህርት ቤትሽ ሩቅ ነው? በእግርሽ ነው የምትሄጂው?» አለ ወደ ናዝራዊት ዞሮ።

አቶ እሱባለው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ይህ ከግዥው ጋር ምን አገናኘው?»

«መሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ የምትሸከመው እሷ አይደለች እንዴ?» ከመደርደሪያው ሥር ጥጉ የተጫረ ትንሽ ግራጫ ላፕቶፕ አወጣ። «ዱጋውን፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ያገለገለ ነው። ባትሪውን ግን እኔው ቀይሬዋለሁ፤ አምስት ሰዓት ይቆያል። ትልቁን ብሸጥልዎት እኔ ነኝ የማተርፈው። ግን ወላሂ አያስፈልጋትም።»

ናዝራዊት ላፕቶፑን በአንድ እጇ አነሳችው። ፊቷ በራ። አቶ እሱባለው ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የግዥ ሕይወታቸው «ትንሹን ይውሰዱ» የሚል ነጋዴ ገጥሟቸው ስለማያውቅ ጠረጠሩ። ወይ ትልቁ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ትንሹ የሞተ ነው፣ አለዚያም ሰውየው ድብቅ ዓላማ አለው።

«ማኅተም ያለው ፕሮፎርማ ስጠኝ።»

«ማኅተም እንኳ የለኝም። ስልኬን ይያዙ፤ ቢበላሽ ይደውሉልኝ።»

አቶ እሱባለው ዋጋውን በቁራጭ ወረቀት አጽፈው ወጡ። ማስታወሻቸው ላይ «የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ይታይበታል» የሚል ሰፈረ።

ሁለተኛውን ፕሮፎርማ ያገኙት በዕድሜው ላፕቶፕ ሸጦ ከማያውቅ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው። ሰውየው የመሥሪያ ቤቱ የቆየ ደንበኛ ስለሆነ ምን እንደሚገዛ እንኳ አልጠየቀም። ማኅተሙን በአየር ላይ ይዞ «ዋጋውን ከፍ ላድርገው ወይስ ዝቅ?» አለ። አቶ እሱባለው ከልማድ የተነሳ «ከፍ» አሉ። በር ላይ ሲደርሱ በራሳቸው ብር እየገዙ መሆኑ ትዝ አላቸው። ማኅተሙ ግን ተመቷል።

ሦስተኛው የገበየሁ ሱቅ ነው። በመስታወት በር ይገባል፤ ቬንትሌተር አለ፤ የሚሽከረከር ወንበር አለ። ገበየሁ ለስላሳ አስከፈተና ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። «የኔ ጌታ፣ እርስዎማ ባለሙያ ነዎት። እኔ ለእርስዎ ምን እነግርዎታለሁ?»

ግዥው ያበቃው እዚህ ላይ ነው። የቀረው ሥርዓት ብቻ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ የሰው ክንድ ያህል የሚሰፋ ላፕቶፕ ተዘርግቷል። ጥጉ ላይ አምስት ተለጣፊ ምልክት አለው። ገበየሁ አንዱን በጣቱ ነካ። «ኮር አይ ሰቨን ነው።»

«ሰባት?»

«ሰባት።»

«ከስንት ነው ሰባቱ?»

ገበየሁ ዓይኑን እንኳ አላሸም። «ከሰባት ነዋ ጌታዬ!»

አቶ እሱባለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሉ ውጤት ነው። በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ትንፋሻቸው ቆረጥ አለ። «ይከብዳል» አሉ በእርካታ።

«አባዬ፣ ከሶኬቱ ነቅለን እንየው?» አለች ናዝራዊት።

«እሙዬ፣ አዲስ ዕቃ እንዴት ከሶኬት ይነቀላል?» አለ ገበየሁ። «ይደነግጣል እኮ።»

«ባለሙያ ሲናገር አታቋርጪ» አሏት አባቷ።

በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሰብሳቢ አቶ እሱባለው፣ አባል ወይዘሮ ውብነሽ፣ ጸሐፊ ናዝራዊት። የሙሐመድሳኒ ዋጋ ከሁሉ ያነሰ ቢሆንም «ማኅተም በማጣት» ወደቀ። ውብነሽ «ልጅቱ ትጠቀምበት እንጂ ስድስት ጊዜም እፈርማለሁ» ብላ ፈረመች። ቀዩ ላፕቶፕም በባጃጅ ተጭኖ መጣና ቡፌው ላይ ተቀመጠ፤ ዳንቴልም ለበሰ።

ደንቡ ወዲያው ወጣ። ከላዩ ያለው ፕላስቲክ አይላጥም። አባት ቤት በሌሉበት አይከፈትም። ወደ ትምህርት ቤት አይወሰድም። የመጨረሻው ደንብ እንኳ አላስፈለገም፤ የናዝራዊት ቦርሳ ግማሹንም አያስገባም ነበር። ባትሪው ከሶኬት ሲነቀል ስድስት ደቂቃ ይቆያል። መንደራ ቆጪ ደግሞ መብራት መምጣትና መሄዱን ማንንም አያማክርም። ላፕቶፑ እስኪከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲከፈት መብራቱ ይሄዳል። እሑድ እሑድ እንግዳ ሲመጣ አቶ እሱባለው ዳንቴሉን ገለጥ ያደርጉና ስክሪኑ ላይ ያለውን የባሕር ዳርቻ ሥዕል ያሳያሉ። «ሰባት ከሰባት ነው» ይላሉ። እንግዳውም «ይገርማል!» ይላል። ናዝራዊት ወደ ካርቶኗ ተመለሰች።

ጥር ላይ የላፕቶፑ ሙቀት ሙጫውን አቀለጠውና የሰባት ቁጥሩ ተለጣፊ ተገለበጠ። ከሥሩ ሌላ ተለጣፊ ነበር። ናዝራዊት ስሙን ጽፋ መምህሯን ጠየቀች። መምህሩ ሳቅ ብሎ «ከሁሉም ደካማው እሱ ነው» አላት። ሰባት ቁጥሩን በኮላ መልሳ ለጠፈችው። አባቷን ታውቃለችና፤ ቢሰሙ አቤቱታ ይጻፋል፣ ላፕቶፑም ማስረጃ ተብሎ እስከሚቀጥለው ዓመት ይታሸጋል። ለእናቷ ብቻ ነገረቻት።

ውብነሽ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን ዘጋችና ልጇን ይዛ ሙሐመድሳኒ ዘንድ ሄደች።

«ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል እቴቴ።»

«ሲበላሽ የት አገኝሃለሁ?»

«እዚሁ። ሌላ የትም የለኝም።»

በርበሬ በርበሬ የሚሸት ብር ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረችለት። ሙሐመድሳኒ ሁለቴ አስነጠሰና «ጋሼ ግን ይህን ያህል ፋይል ይዘው ነበር እኮ» አለ።

«እሱ ፋይሉን ገዛ። እኔ ላፕቶፑን ልግዛ።»

አቶ እሱባለው ትንሹን ላፕቶፕ ሲያዩ አልተቆጡም። ገልበጥ አድርገው መዘኑትና «ለመለማመጃ ይሆናል፤ ዋናው እንዳይጎዳ» አሉ። እንዲያውም ቀዩ ለእንግዳ ብቻ መሆኑ ደስ አሰኛቸው።

ለፋሲካ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደሬሳ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ዳንቴሉ ተገለጠ፤ ባሕሩ ታየ። አቶ ደሬሳ ላፕቶፕ የሚያውቁት በስብሰባ ላይ ከሩቅ ነው። ብዙ ነገር አልጠየቁም፤ ሲወጡ ግን አንድ ነገር በሆዳቸው ይዘው ወጡ። ከወር በኋላ ለገጠር ትምህርት ቤቶች አርባ ላፕቶፕ ይገዛ ተብሎ አቅጣጫ ሲቀመጥ፣ «በዘርፉ የካበተ ልምድ ስላላቸው» የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ እሱባለው ሆኑ።

መስፈርቱን ሊጽፉ እሑድ ጠዋት ቀዩ ፊት ተቀመጡ። መብራት ሄደ። ስድስት ደቂቃ ቆጠሩ።

«ናዝራዊት! ያንቺን መጫወቻ አምጪውና ጻፊ።» እየተንጎራደዱ ይናገሩ ጀመር። «ስክሪኑ ከአሥራ ሰባት ኢንች ያላነሰ። ክብደቱ ከአራት ኪሎ ያላነሰ። ቀለሙ ቀይ…»

«አባዬ፣ ትምህርት ቤቶቹ መብራት አላቸው?»

«መብራት የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።»

«ስለ ባትሪ ግን ምንም አላልክም።»

«ዝርዝር ውስጥ አትግቢ! እኛ ትልቁን ሥዕል ነው የምናየው።» ይህን ብለው ገላቸውን ሊታጠቡ ገቡ።

ለናዝራዊት ካርቶን የሚደበድቡ አርባ ልጆች ሳይታዩዋት አልቀሩም። ከዚያ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። «ከአራት ኪሎ ያላነሰ» የሚለውን «ከሁለት ኪሎ ያልበለጠ» አደረገችው። ስክሪኑን ቀነሰች፣ ቀዩን ሰረዘች። በመጨረሻም አንድ አንቀጽ ጨመረች፤ «ባትሪው ከሶኬት ተነቅሎ ቢያንስ አራት ሰዓት የሚሠራ፣ ይህም ከርክክብ በፊት ተነቅሎ የሚሞከር።»

አቶ እሱባለው አምስቱንም ገጽ ፈረሙ። ሰነድ ሲቀርብላቸው የሚፈልጉት ሐሳቡን አይደለም፤ የፊርማቸውን ቦታ ነው።

ጨረታው ሲወጣ ገበየሁ ማን መስፈርቱን እንዳወጣ ሰምቶ ሰነዱን ለማንበብ አልደከመም። በዋጋ አሸነፈና አርባ ቀያይ ላፕቶፕ አስጭኖ ሰተት አለ። የንብረት ክፍሉ ሰው በሰነዱ መሠረት አንዱን ከሶኬት ነቀለ። ሻይ ሳይቀርብ ጠፋ። ሁለተኛውም ጠፋ፤ ሦስተኛውም።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ራስዎ የገዙት ዓይነት እኮ ነው!» አለ ገበየሁ በሰው ፊት።

አቶ እሱባለው ሰነዱን ተቀብለው የገዛ ወረቀታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡ። ባትሪው ላይ ሲደርሱ ጆሯቸው ጋለ። ይህን እሳቸው አላስጻፉም። ከሥሩ ግን ፊርማቸው አለ፤ ማኅተምም አለ። ማኅተም ያለበትን ነገር ክደው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሰነዱ ሰነድ ነው። ዕቃህን ጫን» አሉ።

ከሌላ ተጫራች ትንንሽ፣ ቀላልና ባትሪያቸው የሚቆይ ላፕቶፖች ተገዙ። በርክክቡ ዕለት አቶ እሱባለው ስለ ባትሪ ወሳኝነት አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ጭብጨባ ሆነ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጣቸው።

ቤት ሲገቡ ናዝራዊት እያጠናች ነበር። አጠገቧ ቆሙ።

«የባትሪውን አንቀጽ ማን ጻፈው?»

«አንተ ነህ የፈረምክበት አባዬ።»

ውብነሽ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«ፈርሜያለሁ» አሉ በመጨረሻ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትንሿን ላፕቶፕ እስከ ዛሬ ሲያዩዋት ባላዩት ዓይን አዩዋት። «ይህቺ… ሳትጠፋ ስንት ሰዓት ትቆያለች?»

«አሁን አራት ሆናለች። መጀመሪያ አምስት ነበረች።»

በሚቀጥለው ሳምንት አቶ እሱባለው የተማሪ ዴስክ ጨረታ ረቂቅ ከቦርሳቸው አውጥተው ፊቷ አስቀመጡ። «ታይፕ አድርጊልኝ» አሉና፣ ዞር ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ደግሞ አንብቢው» ጨመሩ።

ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ሰነድ ጥራት በየግምገማው ይመሰገናል። አቶ እሱባለውም ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ በአበል ወደየወረዳው ይላካሉ። ናዝራዊት አበል የላትም፤ አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ፈተናም ደርሶባታል። አንዳንድ ቅዳሜ «ዛሬ አልችልም፣ አጠናለሁ» ትላቸዋለች። ያን ጊዜ አቶ እሱባለው ረቂቁን ይዘው ሰኞ ቢሮ ይገቡና፣ ኮሚቴው በደንብ እንዲያጤነው ብለው ስብሰባውን በአንድ ሳምንት ያራዝሙታል።