ቆመን የሰማነው የነነዌ ሸክላ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሕይወት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሞጣ ደርሳ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «እማማ፣ ስታወሪልኝ የነበረው ይኸ አይደል?» አለችኝ። ክንፍ ያለው፣ ገላው የበሬ፣ ፊቱ የጺማም ሰው የሆነ ፍጡር ከጥቁር ሰማይ ሥር ቆሟል። ጣቷን ስታሳርፍበት መጀመሪያ የውሃ ድምፅ፣ ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ደወል፣ ከደወሉም ሥር ቀስ እያለ የሚነሳ ኦርጋን ቤቱን ሞላው። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። መነጽሬን ከጓዳ እንድታመጣልኝ ላክኋትና እስክትመለስ ፊቴን አበስኩ።

ይህን የምጽፈው ለሕይወት ብቻ አይደለም። የአጎቴ ልጅ እማዋይሽ በየማኅበሩ «ያን የፈረንጅ ሸክላ እኮ አብረን ነው የሰማነው፣ አብረን ነው ያደግንበት» እያለች ስታወራ ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን ምስክርነት አደረገችው። እንግዲህ ሁለታችንም በሕይወት ሳለን እውነቱ ይጻፍ።

ያደግሁት ብቸና ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔና ዜማ ያስተምራሉ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በተማሪዎቻቸው ጎጆዎች መሀል ስለነበር፣ የሰው ልጅ በዶሮ ጩኸት ሲነቃ እኔ የምነቃው ቅኔ በሚያንጎራጉሩ ልጆች ድምፅ ነበር። ክረምት በገባ ጊዜ የረጠበ የሣር ክዳን፣ የበግ ለምድና ተማሪዎቹ ለምነው ያመጡት ድርቆሽ ሽታ ተደባልቆ በቤቱ ያድራል። በእኛ ቤት ዜማ ረዘመ ተብሎ የሚያማርር ሰው አልነበረም፤ ከምሽት እስከ ንጋት ማኅሌት የቆመ ሰው ምን ይረዝምበታል?

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ታስተምረን የነበረችው ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ የሸክላ ማጫወቻዋን ከአንድ ሸክላ ጋር ለእኔ ትታልኝ ሄደች። የሚያስጨፍሩትን ሸክላዎች መምህራኑ ተሻምተው ወስደዋቸዋል። ይኸኛውን ማንም አልፈለገውም፤ አንዱ ዘፈን የሸክላውን ሙሉ ገጽ ይይዛል፣ ምቱ በየመሀሉ ይለዋወጣል፣ ጭፈራ የጀመረ ሰው እግሩን አንስቶ መሬት ሳያስነካ ምቱ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። ፈረንጇ እንዳስረዳችኝ ዘፋኞቹ ከዳር እስከ ዳር የሚተርኩት አንድ ታሪክ ነው፤ የጥንቷን ነነዌን፣ ስትቆረቆር፣ ስትገን፣ ስትጠፋ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጠዋት ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ከሰዓት ጎተራው ጥግ ተቀምጬ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ። እማዋይሽ አንድ ቀን ጨው ልትበደር መጥታ በበሩ አጮለቀች፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጨውን እንኳ ሳትወስድ ወደ አባቷ በረረች።

አባቷ አያ ጫኔ የእናቴ ወንድም ነው፤ እህል ነጋዴ። የጁቤ ከተማ ለሚኖር ባልንጀራው ልጅ እኔን ሊድር ቃል ከሰጠ ሰንብቷል። አባቴ «ስምንተኛን ትጨርስ» እያሉ ነበር ያቆዩት። አሁን ሰበብ አገኘ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ እማዋይሽን አስከትሎ መጣና የሸክላውን ሽፋን ከጎተራው አውጥቶ አባቴ ፊት ዘረጋው።

«የኔታ፣ ልጅዎ የምታመልከውን ይዩልኝ! ክንፍ ያለው ሰይጣን! ተማሪ ቤት ይሉት ይኸን ነው። በሉ፣ ለጥር እንዳራትና እንገላገል።»

እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። አባቴ ሽፋኑን ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄደው በጣታቸው እየነኩ ተመለከቱት።

«ገጸ ሰብእ» አሉ ለራሳቸው። «ገላው የላህም፣ ክንፉ የንስር።» ከዚያ ቀና አሉ። «ጫኔ፣ ይኸ እኮ ኪሩብ ነው። ዙፋኑን ከሚሸከሙት ከአርባዕቱ እንስሳ ወገን ነው።»

«ኪሩብ ደግሞ ሸክላ ላይ ምን ይሠራል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለምን ነው የሚሉት?»

«ስለ ነነዌ ነው፣ አባባ።»

ፍጡሩ የጥንት ነገሥታት በር ጠባቂ መሆኑን ፈረንጇ ነግራኛለች፤ ግን ያንን ማን ጠየቀኝ? አባቴ የነነዌን ስም ሲሰሙ ነጠላቸውን አደግድገው፣ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንስተው ቆሙ። በእኛ ቤት እሳቸው መቋሚያ ይዘው ከቆሙ የሚቀመጥ የለም። እናቴ ቆመች። ተማሪዎቹ በበሩ ተሰብስበው ቆሙ። አያ ጫኔም የሚያመውን ጉልበቱን እያሻሸ ቆመ። መርፌውን አስቀመጥሁ።

የመምህራኑ ጉባኤ አዛግቶ የጣለውን ሸክላ የብቸና ደብተራዎች እንዴት እንደሰሙት ብታዩ! አባቴ ውሃውንና ደወሉን ዓይናቸውን ጨፍነው አሳለፉ። ከበሮው ቀስ ብሎ ሲገባ «ዝማሜ ጀመሩ» አሉ ለተማሪዎቹ በዝቅታ። ምቱ ሲፈጥን «ይኸው፣ መረግድ ገቡ» አሉ፤ መቋሚያቸውም መወዛወዝ ያዘ። ተማሪዎቹ አብረው ተወዛወዙ። አያ ጫኔ እንደ ተጫነ አህያ እግር ይቀያይራል። እማዋይሽ ግድግዳ ስትደገፍ እናቴ በዓይኗ ገሠጸቻትና ቀጥ አለች። ሁለተኛውን ገጽ ስገለብጥ ሰው ይቀመጣል ብዬ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠም። ወደ መጨረሻው ባትሪ ድንጋዩ ስለደከመ የነነዌ ጥፋት ከዘፋኞቹ ሐሳብ ይልቅ እየዘገየና እየወፈረ መጣ፤ ከመሬት ሥር የሚያጓራ ይመስል ነበር። ሕይወት ባሰማችኝ ጊዜ «ምነው ሮጠ?» ማለቴ ለዚህ ነው።

ሸክላው ሲያበቃ አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ነነዌን ማራት?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። እሳቸው ፊት ግን አይቻልም። «አልማራትም፣ አባባ። በመጨረሻ ጠፋች ነው የሚሉት።»

አያ ጫኔ እጁን አጨበጨበ። «ሰማችሁ? እግዜር የማራትን አገር እነዚህ አጠፏት! ታዲያ እኛ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው ምን ሆነን ነው?»

ጠላቴም ቢሆን ነገሩ ነገር ነበር። ጥር ሲመጣ፣ የሙሽራው በቅሎ በሩ ላይ ሲቆም ታየኝ።

«ጫኔ» አሉ አባቴ፣ «ዮናስን ሰምተህ ወጥተሃል። ናሆም ሲነበብ የት ነበርክ?»

ተማሪዎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«በዮናስ ጊዜ ንስሐ ገባች፣ ተማረች። ኋላ ወደ ክፋቷ ስትመለስ ጠፋች። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ልጅቱም አልዋሸችም። ሂድና የየጁቤውን ሰው ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ትማር።»

ተማርሁ። መምህር ሆኜ ሞጣ ተመደብሁ፤ ጡረታ እስክወጣ አስተማርሁ፤ ባሌንም ራሴ መረጥሁ። ብቸና የት እንዳለች የማያውቁትን እነዚያን ፀጉረ ረጃጅም ዘፋኞች አመሰግናለሁ። ማንም ያልፈለገውን ሸክላ ትታልኝ የሄደችውን ፈረንጅ አመሰግናለሁ። አያ ጫኔንም፣ ጥርሴን ነክሼ ቢሆንም፣ አመሰግነዋለሁ፤ ያን ቀን ባይመጣ አባቴ ሸክላውን የት ይሰሙት ነበር? እማዋይሽም አንድ ጊዜ፣ ያውም ግድግዳ ልትደገፍ ስትሞክር፣ ሰምታዋለች። ያቺን አንዲት ቀን አልነፍጋትም፤ ከዚያ በላይ ግን የላትም።

መምህር ከሆንሁ በኋላ ለፋሲካ ብቸና ሄጄ፣ ፍጡሩ ኪሩብ ሳይሆን የአረማውያን ነገሥታት በር ጠባቂ እንደነበር ለአባቴ ነገርኋቸው። ያፍራሉ ብዬ ነበር። ሳቁ። «ታዲያ የቆምነው ለእሱ መሰለሽ?» አሉኝ። በዓመቱ አረፉ።

ሸክላው ቤት ስንቀይር ተሰበረ። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ፈርሰዋል፤ ዜማው ይሰማበት በነበረው ደጅ ዛሬ ባጃጅ ይቆምበታል። በቤታችን ቦታ ላይ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ዘንድሮ ወደ አባቴ መቃብር ሄጄ ስመለስ እግሬ እዚያ ወሰደኝ። ምሰሶው የቱ ጋ እንደነበር፣ በሩ በየት እንደነበር በዓይኔ ስፈልግ ባለሱቁ አየኝና ወንበር አራግፎ አቀረበልኝ።

«እናቴ፣ ደክሞዎታል፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» አለኝ።

«ተወኝ ልጄ» አልሁት። «እዚህ ቤት አልቀመጥም።»