ዓለምጌጥ ወንድ የሆነች ዕለት

ሮማነወርቅ ቴክሳስ ውስጥ ከሌዊስቪል ተነሥታ ፎርት ዎርዝ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ስትነዳ ዘፈን አትሰማም። የምትሰማው የጥንት አውሮፓ መሳፍንትን ታሪክ ነው፤ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ማንን ወረሰ። አንዱ መስፍን ወንድ ልጅ ሳይተው ይሞታል፤ ሴት ልጁ ቁጭ ብላ እያለች ግዛቱ ለአጎቷ ይሰጣል። ይኼኔ የመኪናዋን መሪ በመዳፏ ትመታና «እሷ ምን ጎድሏት ነው?» ብላ ትጮኻለች። በጎኗ የሚያልፉት ሾፌሮች ምን ነካት ብለው ያዩዋታል። ይዩኣ!

ንዴቷ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቷ አቶ ክብረት ዘር ቆጣሪ ናቸው። ዳላስ ዙሪያ ያሉ ያገራቸው ሰዎች ልጅ ሊድሩ ሲያስቡ፣ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ማስታወስ እያቃታቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ዓይናቸውን ወደ ሮማነወርቅ ይወረውራሉ። እሷ ከወጥ ቤት ሆና የጠፋውን ስም ታቀብላቸዋለች። ምስጋናው የሳቸው ነው። እሷም አልከፋትም፤ ነገ ቆጠራው የኔ ነው ብላ ነበራ።

የሷ አልሆነም። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ምሳ እንደተበላ፣ አባቷ ቆጠራውን ለወንድሟ ለሚኪያስ ልጅ ለኢዛና እንደሚያስረክቡ ተናገሩ። ኢዛና እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሪቻርድሰን የኮምፒዩተር ሥራ ያለው ደግ ልጅ ነው። ግን የአያቱን አባት ስም እንኳ ገና ያን ሰሞን ነው የሰማው።

«እኔስ፣ አባባ?» አለች።

«አንቺማ ሴት ነሽ። ሐረጉ ባዳ ቤት ይገባል።»

ደሟ ፈላ። ባገራቸው ሴት ልጅም ከወንድሟ ጋር ርስት ስትካፈል ነው የኖረችው፤ ይህን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ቴክሳስ መጥተው የፈረንጅ መስፍን ሆነው አረፉት!

ኢዛና ጣቱን እያጠፈ ጀመረ። «ኢዛና፣ ሚኪያስ፣ ክብረት፣ ጋሹ፣ ፀጋዬ... ኔክስት?»

«ዓለምጌጥ» አሉ አቶ ክብረት።

«ኦኬ፣ ዓለምጌጥ። ሶ፣ እሱ ምን ነበር? ማለቴ፣ ፋይተር ነበር?»

በልጁ አይፈረድም። ያበሻ ስም ሁሌም አባት ካባት እየተደረደረ ነው የሚያውቀው። አቶ ክብረት ግን ያውቃሉ። እያወቁ፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «አዎ፣ ጀግና ነበር» አሉ።

ሮማነወርቅ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ሴት ናት! የፀጋዬ እናት ናት። ርስቱ የሷ ነው፣ ባሏ ባዶ እጁን የገባ ሰው ነው። ከሷ በላይ የሚቆጠረውም የሷ ወገን ነው። ይኼን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት! ዛሬ ደግሞ ጢም አበቀሉላት?»

«ዝም በይ!»

ኢዛና አንዴ አክስቱን አንዴ አያቱን አየና «ኦኬ... ከዓለምጌጥ ቀጥሎስ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ክብረት አፋቸውን ከፈቱ። ስሙ አልመጣም። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ወደ ሮማነወርቅ ወረወሩ። እሷ ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። አላቀበለችም። አባቷ ግንባራቸውን እየጠረጉ ሲጨነቁ ማየት አንጀቷን በላው፤ ንዴቷ ግን በለጠባት።

«እሷን ጠይቃት» አሉ በመጨረሻ፣ ለኢዛና።

«አይሆንም። መጀመሪያ ዓለምጌጥ ማን እንደሆነች ይንገሩት።»

«እናቱ ናት» አሉ ወለሉን እያዩ።

«አልሰማም፣ ጮክ ብለው!»

«የፀጋዬ እናት ናት! ሴት ናት!»

ኢዛና ወንበሩን ከአያቱ ወደ አክስቱ አዞረ። ሮማነወርቅ ተቀመጠችና ከዓለምጌጥ ጀምራ ወደ ላይ መቁጠር ያዘች። አቶ ክብረትም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ስም በስም ከኋላዋ ይከተሏት ነበር።