የእህቴ ባል ግማሽ ሪዝ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ማን አየ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ «እንዲህ እኮ ነው» ብሎ ወሬ ሲጀምር መቀሱን አየር ላይ ያቆምና «ማን አየ?» ይላል። መልስ ካላገኘ መቀሱ አይወርድም። ስንቱ ሰው አንድ ጆሮው ላይ ፀጉር እንደተንጠለጠለበት ሲከራከር ውሏል።

ተረትና ምሳሌ እንኳ አይምርም። አንድ ሽማግሌ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ሊመክሩት ቢሞክሩ፣ «አንበሳው ታስሮ ማን አየ? እኔ በድር ተይዞ ያየሁት ዝንብ ብቻ ነው» አላቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉት ደግሞ «የሚሄደውማ ጫጩቱ ነው፤ እንቁላሉማ ተሰብሮ ቀርቷል» አለ። ሬዲዮው የሰው ልጅ ከአእምሮው አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው የሚጠቀምበት ሲል ሰምቶ፣ ቶንዶዙን አጥፍቶ ከሬዲዮው ጋር ተጣላ። «እንግዲያው ዘጠኙን እጅ በመዶሻ ብንመታው ምንም አይሆንም ማለት ነዋ!» ደንበኛው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ለቅሶ ቤት ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳለትም። አስተዛዛኙ ሰውዬ «አይዟችሁ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ሲል የእኛው ጉድ ጎንበስ ብሎ «ለማን?» አለው። እህቴ ጎኑን በክርኗ ደለቀችው። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጥቼ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

ከቤታቸው ሥር ያለውን ሱቅ የምንጋራው በመጋረጃ ነው፤ ወዲያ የወንዶች፣ ወዲህ የሴቶች፣ የሴቶቹን የምሠራው እኔ ነኝ። ለደንበኞቼ «ጫፍ ጫፉን ስንቆርጠው ቶሎ ያድጋል» ስላቸው ከመጋረጃው ወዲያ «ፀጉር የሚበቅለው ከሥሩ ነው፤ ጫፉ መቆረጡን ሥሩ በምን ይሰማል?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው እንኳ አንገቷን ታወጣለች። ደሜ ይፈላል፤ ግን ምን እመልሳለሁ? ጥያቄው ጥያቄ ነው።

አንድ ቀን ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ ጎረምሳ መጣና «ምልጭ አድርገህ ላጨኝ፤ ወፍሮ እንዲበቅልልኝ» አለው። አላጭህም አለ። «ፀጉር በመላጨት አይወፍርም፤ የቀረችህንም እናጣታለን።» አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረው ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪ ተነሥቶ ጮኸ።

«ኧረ በሕግ! ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን!»

«ማን አየ?»

«ካላመንክ በራስህ ሪዝ ሞክረዋ!»

የዳቦ ጋጋሪው ጥፋት ይሄ ነው። የእህቴ ባል ሪዝ እንዲሁ ሪዝ አልነበረም፤ ቤተሰቡ የሚኮራበት ንብረት ነበር። እህቴ ራሷ «ያገባሁት ሪዙን ነው፤ እሱ ተከትሎት ነው የመጣው» ትላለች። እሱ ግን ወደ መስተዋቱ ዞረ፣ ሳሙና ቀባ፣ መጋረጃውን ገልጬ «ተው!» እስክል ግራው ግማሽ የለም። «ቀኙ እንዳለ ይቆያል፤ ግራው አድጎ እኩል ሲደርስ እናወዳድራለን» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልናገር! መንገድ ላይ ሕፃናት እያዩት ይጋጫሉ። ከሌላ ሰፈር ፀጉር ሳያድግባቸው ሊስተካከሉ የሚመጡ በዙ። ግራው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ዳቦ ጋጋሪው በጣቱ ዳሰሰና «ሻካራ ሆኗል! ወፍሯል!» ብሎ መንገዱን በእልልታ አቀለጠው። ማን አየ ግን ረጋ ብሎ «ጫፉ ስለተቆረጠ ነው የሚሻክረው፤ ይደግ፣ ያኔ ትዳስሱታላችሁ» ይላል። የሚሰማው የለም። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትላለች ለግድግዳው።

ይህም ባልከፋ፤ ልጅቷ ባትኖር። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፤ ጓደኛዋን ልታገባ ተስማምተዋል፣ የቀረው የልጁ ቤተሰብ መጥቶ እኛን አይቶ እሺ ማለቱ ነው። የልጁ አባት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው፤ ቆፍጣናና ቁጥብ ሰው። ለታላቁ ልጃቸው የታጨችውን፣ አባቷ ጫማው አቧራ ነበረው ብለው እንዳስቀሯት ይወራል። ማን አየም «ጫማውን ማን አየ?» ብሎ ነበር፣ በዚህ ጊዜ ግን ድምፁ ሳሳ ብሎ። እሑድ ለምሳ እንመጣለን አሉ። ግራው ሪዝ ገና ከቀኙ እኩል አልደረሰም።

እህቴ «ወይ ሁለቱም ይኑሩ፣ ወይ ሁለቱም ይላጩ!» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እኔም ጮህኩበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለን። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። እሑድ ጠዋት የጠረጴዛውን ልብስ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል «አባዬ፣ እንደፈለግክ ሁን። እኔ ግን እፈራለሁ» አለች። መተኮሷንም ቀጠለች።

ትንሽ ቆይቶ እኔ ወደምሠራበት ሱቅ ወረደ። ወደ ራሱ መስተዋት አልሄደም፤ መጋረጃውን ገልጦ እኔ ወንበር ላይ፣ የሴቶቹ ላይ ተቀመጠ።

«ላጪኝ። በገዛ እጄ አልችልም።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ትንሽ ነበር የቀረው» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ስንት ሳምንት ሙሉ ተላጭ እያልኩ የጮህኩት እኔ፣ ምላጩን ይዤ አንጀቴን በላው። እያለቀስኩ ላጨሁት፤ እሱም እንዳላየ ሆነ።

እንግዶቹ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ሚስታቸውና ልጃቸው፣ በሰዓታቸው መጡ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ራሳቸው ደህና ሪዝ አላቸው፤ በማስመሪያ የተሠራ የሚመስል። ሾርባው ቀረበ፣ የተጠበሰው ዶሮም ቀረበ። ዓይናቸው ግን ከእህቴ ባል የላይኛው ከንፈር አልተነሣም። ሪዝ ሳይኖረው ሳየው እኔም አዘንኩ፤ ፊቱ የተላጠ ድንች መስሏል። በመጨረሻ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግማሽ ሪዝ ያለው ሰው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እህቴ ማንኪያዋን ጣለች።

«ነበርኩ» አለ ማን አየ። «ዛሬ ጠዋት ተላጨሁት። ለእንግዳ ክብር ብዬ።»

«እኔኮ የመጣሁት ለእሱ ነው!» አሉ ሰውዬው፤ ድምፃቸው እንደ ተከፋ ሰው ነበር። «መድኃኒት ቤቴ በየቀኑ ሰው ይመጣል፤ ቀዩ እንክብል ይበረታል፣ ቀዩን ስጠኝ ይለኛል። ያው አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። አንድም ቀን ተከራክሬ አላውቅም፤ ዝም ብዬ እሸጣለሁ። ልጄ ያንተን... የእርስዎን ነገር ሲነግረኝ፣ እውነቱን እስኪያውቅ ድረስ የሰው ሳቅ የቻለ ሰው ልጅ ቤቴ ብትገባ አልከፋም አልኩ። ለካ እርስዎም እንደ ማንኛችንም ነዎት። እንግዳ መጣ ሲባል ላጩት!»

ማን አየ የተላጨ ከንፈሩን በጣቱ ዳሰሰ። አንገቱን ደፋ። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። ከጫማ አምልጠን በሪዝ ልንወድቅ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ብድግ አለች።

«እንግዳ ፈርቶ አይደለም» አለች። «እሱ ማንንም አይፈራም። እኔ ነኝ እፈራለሁ ያልኩት። ሰፈር ሙሉ ስቆበት ያልተወውን፣ እናቴ ተጣልታው ያልተወውን፣ ለእኔ ብሎ ተወው። የሚያስቀይም ነገር ካለ እኔን ይቀየሙኝ። እሱን ግን እንደ ማንኛችንም አይበሉት።»

ማን አየ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከ«ይበቃኛል» ሌላ ያልተናገሩት የባለ መድኃኒት ቤቱ ሚስት ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተስ? ለልጅህ ስትል ያንን ትላጨዋለህ?»

ሰውዬው ሳያስቡት ሪዛቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሁላችንም እናያቸዋለን። ልጃቸው ደግሞ ሁላችንም ከምናየው በላይ ያያቸዋል፤ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። እኔ ነገር ሲንጠለጠል አልወድም። ተነሥቼ ከታች ሳሙናና ምላጭ ይዤ መጣሁና ከሰሃናቸው አጠገብ አኖርኩት። እህቴ «ኧረ አንቺ ልጅ!» አለች።

እሳቸው ምላጩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ቀስ ብለው መዳፋቸውን አወረዱ።

«የትኛውን ጎን?»

«ግራውን!» አለ የእህቴ ባል፣ ወንበሩን ሊገለብጥ እስኪደርስ ተነሥቶ። «የእኔም ግራው ነበር። ቀኙን እንዳይነኩብኝ፣ አደራ! ማወዳደሪያችን እሱ ነው።» የጠረጴዛውን ፎጣ ራሱ አንገታቸው ላይ አሰረላቸው። ምላጩን ግን «አንቺ ነሽ የላጨሽኝ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ልጅቷ እንባዋን መጥረግ ትታ ሳቅ ያዛት፤ ጓደኛዋም ተጨመረ፤ ወዲያው ሚስትየዋ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር።

ሳሙናውን ቀብቼ ምላጩን ሳስጠጋ ባለ መድኃኒት ቤቱ «ቆይ!» አሉ። ሁላችንም ደነገጥን። ከሳሙናው ውስጥ፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ፣ ለሁለቱ ልጆች ተናገሩ።

«ሠርጉን ግን አታጣድፉት። ይሄ ነገር አድጎ እኩል እስኪደርስልኝ ጠብቁ።»

ልጅቷ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም እጄን አጽንቼ መላጨት ጀመርኩ።