እናቴ የጫነችው ቤት

ልጄ ሐያት አንድ አሮጌ ካራቫን ገዝታ «መጥተሽ ካላየሽልኝ» ብላ የነዘነዘችኝ ለምክር አልነበረም፤ ለምርቃት ነበር። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና እንግዳ ወደ አንኮበር ልትወስድበት አስባለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጋራዥ ግቢ አቁማ ቀለም አስቀብታዋለች፣ መጋረጃ ሰቅላበታለች፣ ግድግዳው ላይ ትንንሽ አምፖሎች ደርድራለች። በሩን ከፍቼ አንገቴን ሳስገባ ግን ከአዲሱ ቀለምና ከማስቲሹ ሥር ሌላ ሽታ መጣብኝ፤ እርጥበት የጠጣ ኮምፔንሳቶ፣ የቆየ ላምባ፣ ብርድ ያደረበት ላሜራ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ጉልበቴን ያመመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ኑረዲን ያደግነው ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ነው። አባታችን ሰይድ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ስለነበረ፣ መንገዱ በሄደበት ካምፑ ይሄዳል፣ ካምፑ በሄደበት እኛም ቤታችን ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና እየተጎተተ እንሄዳለን። ቤቱ በእናቴ እርምጃ ርዝመቱ ስምንት፣ ወርዱ ሦስት ተኩል ነበር። አንድ ሰው ከተነሳ ሁሉም ይነሳል፣ አንዱ ካሳለው ሁሉም ይነቃል፤ የተኮራረፈ ሰው የሚያኮርፍበት ጥግ እንኳ ስላልነበረ እናትና አባቴ ሲጣሉ አንደኛቸው ወጥቶ ከውጭ ጎማው ላይ ይቀመጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አባቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ንፋሱ ብዙ አያስቀምጥም።

ያንን ሳጥን ለኑሮ የሚመች ያደረገችው እናቴ ዘይነባ ናት። ካምፑ አዲስ ቦታ ሲሰፍር ሌሎቹ ሴቶች ዕቃ ለማውረድ ሲሯሯጡ፣ እሷ መጀመሪያ ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ታስወትፋለች፤ ያ ሳይደረግ ካራቫኑን ከመኪናው የሚፈታ ሰው ካገኘች አያድርስ ነው። ቀጥላ ውሃ የሞላ ሳህን ወለሉ መሃል ታስቀምጥና ውሃው ወደየትኛው ጠርዝ እንዳዘነበለ አይታ፣ አባቴን በክሪክ አንሳ፣ እንጨት ጨምር፣ አሁን በቃ እያለች ቤቱን ታቀናዋለች። ካልተቃና ወጡ በአንድ ወገን ያራል፣ ልጅም ከአልጋው ይንከባለላል ትል ነበር። ጣርማ በር በሰፈርንበት ክረምት የላሜራው ጣሪያ ከውስጥ እያላበው ብርድ ልብሳችንን ሲያርሰው፣ ሰው ሁሉ ቀዳዳ ሲደፍን እሷ በተቃራኒው መስኮቱን ጣት በምታሾልክ ክፍተት ተወችው፤ ትንሽ ብርድ ገባ፣ ጠብታው ግን ቆመ። ከሰል በር ተዘግቶ አይነድም፣ በጋው ሳያልቅ የጣሪያው መጋጠሚያ ካትራሜ ይቀባል፣ የቁም ሳጥኑ በር በገመድ ሳይታሰር ጉዞ የለም። ይህን ሁሉ ያስተማራት ወረቀት አልነበረም።

ያስተማራት አያቴ ነው። እናቴ የተወለደችው ከአንኮበር ገደል ግርጌ፣ አልዩ አምባ ነው፤ አባቷ ጨው፣ ጥጥና በርበሬ በአህያ ጭኖ ያንን ገደል ወደ አንኮበር ሲወጣና ሲወርድ ዕድሜውን የፈጀ ነጋዴ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ጭነት ማሰርን ያሳያት እሷን ነው። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን፣ ከባዱ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ከተነሱ በኋላ ትንሽ ሄዶ ቆሞ ገመዱን ደግሞ ማጥበቅ እንደሚገባ፣ ዕቃው መቀመጫውን የሚይዘው ያኔ ስለሆነ። የነጋዴ ልጅነት ግን ሌላም ነገር አሳይቷታል፤ አባት በወር አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ እንደሚሆን። ለእኛ ያንን አልፈለገችም።

አንድ ጊዜ ደርሶብን ነበርና ነው። አባቴ እነዋሪ ሥራ ተመድቦ ሰባት ወር ሲቆይ፣ እኛ ደብረ ብርሃን በኪራይ ቤት ቀርተን ነበር። ሲመለስ ለኑረዲን ብስኩት ይዞለት መጣ፤ ልጁ ብስኩቱን ተቀበለውና ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ገብቶ፣ «እማ፣ ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃት። አባቴ ወደ ጓሮ ወጥቶ ፊቱን ሲታጠብ ቆየ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ሰው ፊቱን ያን ያህል ጊዜ አይታጠብም። በሳምንቱ እናቴ የኪራዩን ቤት ለቃ ሁለታችንን ይዛ ካራቫን ውስጥ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ ከባሏ ተለይታ ላለማደር ቆርጣ ነበር።

እንግዲህ የካምፑ ኃላፊ ኢንጅነር ደምሴ ትእዛዝ ያወጡት በዚህ ላይ ነው። ካምፑ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ አልዩ አምባ ሊወርድ ሲል፣ ቤተሰብ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ቤተሰቡን እዚያው ከተማ ትቶ ብቻውን እንዲሄድ፣ በሁለት ወር አንዴ ፈቃድ እንዲሰጠው ወሰኑ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከደነባ ወደ ደብረ ብርሃን ስንዛወር የአንድ ጎረቤታችን ካራቫን መንገድ ላይ ጅራቱን እየወረወረ ሄዶ ቦይ ውስጥ ተጋድሟል፤ ሰው ባይጎዳም የእህልና የድስት ጋጋታ ነው የጣለው ተባለ። የአንኮበርን ቁልቁለት ሲያስቡት እንቅልፍ አጥተው ይሆናል። ሥራው ግን ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነበር፣ ኑረዲን ደግሞ ገና አራት ዓመቱ።

እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ቢሯቸው ገባች።

«ጌታዬ፣ ያንን ካራቫን የጣለው ቤተሰብ አይደለም፤ አጫጫኑ ነው» አለቻቸው።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ይሄኮ አህያ አይደለም።»

«አህያማ ቢሆን በምን ዕድላችን፤ ሲከብደው ይተኛ ነበር። ይሄ ምንም የማይል ስለሆነ ነው እኔ የምናገርለት።»

ኢንጅነሩ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወረቀት አነሱ። እናቴ አልሳቀችም። ካራቫኑ መሄዱ ካልቀረ እሷ እንድትጭነው ለመነቻቸው፤ አልዩ አምባ ሲደርስ ራሳቸው በሩን ከፍተው አንዲት ብርጭቆ ተሰብራ ካገኙ፣ በማግስቱ ልጆቿን ይዛ በመጣችበት እንደምትመለስና ሁለተኛ ደጃቸው እንደማትደርስ ቃል ገባች። እሳቸውም «እሺ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እከፍተዋለሁ» አሏት።

በመነሻው ቀን ጫኞቹ እንደ ልማዳቸው ሁለቱን የስንዴ ጆንያና የውሃውን በርሜል ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ከምረው ጠበቋት፤ ለማውረድ የሚቀለው እዚያ ነዋ። እናቴ ሁሉንም አስወጣች። ሾፌሩ ጋሽ በቀለ በመንዳት ያረጁ፣ ሴት ቀርቶ መካኒክ ሲያዛቸው የማይወዱ ሰው ነበሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ልታሳድሪን ነው?» አሏት።

«ጋሽ በቀለ፣ መሪው የእርስዎ ነው። ጅራቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ጆንያዎቹ ከጎማዎቹ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት አለፍ ብለው ወለሉ ላይ ተጋደሙ። ግማሽ በርሜል ውሃ በየመታጠፊያው የራሱን መንገድ ይሄዳል ብላ በርሜሉን አስደፋችው። እንቁላሎቹ ጤፍ ውስጥ ተቀበሩ። ስድስቱ የሻይ ብርጭቆዎች እያንዳንዳቸው የአባቴን የሱፍ ካልሲ ለበሱና በተጠቀለለው ፍራሽ ሆድ ገቡ፤ አባቴ በዚያ ብርድ ባዶ እግሩን ጫማ አድርጎ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ አባቴና ጋሽ በቀለ የካራቫኑን መጎተቻ ጨብጠው እንዲያነሱ አዘዘች። በአንድ ሰው እጅ ከተነሳ ኋላው ከብዷል፣ ለሁለት ሰው ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ ፊቱ። ሁለቱ አቃስተው አንድ ስንዝር ሲያነሱት «አሁን ተስተካከለ፣ ቢስሚላህ» አለችና መጎተቻውን ከመኪናው አስገጥማ፣ ሰንሰለቱን ደግማ አስጠብቃ በሩን ቆለፈችው።

ካራቫን ሲጎተት ሰው አይቀመጥበትምና እኛ ኤንትሬው ላይ፣ ሸራ ሥር ከአካፋና ከዶማ ጋር ተሳፈርን፤ እናቴ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ቤቷን እያየች። ከከተማው ብዙም ሳንርቅ መኪናውን አስቁማ የጎማዎቹን ማሰሪያ ዳዶ አስጠበቀች፤ ጋሽ በቀለ እያጉረመረሙ ወርደው ሁለቱን ልል ሆነው አገኟቸው፣ ከዚያ በኋላ አላጉረመረሙም። አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። የመኪናው ጭስ፣ የበግ ሽታና የእርጥብ ጥድ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫችን ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ ወርዳ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰች፤ ከሌሎቹ የበለጠ የሞቀ ጎማ ካለ ፍሬኑ ይዞታል ማለት ነው። አልነበረም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉሙ ቤታችንን ከነመስኮቱ ዋጠው፤ የሚታየን መጎተቻው ብቻ ሆነ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ጭነት የያዙ አህዮች ከነባለቤታቸው ድንገት ፊት ለፊት መጡና ጋሽ በቀለ ፍሬን ያዙ። ኤንትሬው አቃሰተ። ካራቫኑ ገፋን እንጂ ጅራቱን አልወረወረም፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገር ግን ከውስጡ አንድ ነገር ሲወድቅና መስታወት ሲሰበር ሰማን፤ ሁላችንም ሰማን። የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ ሰው እያየው እጇን ያዛት፣ ያንን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም ነበር። ኑረዲን አባቴ ጉልበት ላይ ተኝቷል፤ እሷ እሱን እያየች ስትቀመጥ እኔ ነገ ወደ ኋላ የምንመለስበትን መንገድ እቆጥር ነበር።

ታች ሙቀት ጠበቀን። የአልዩ አምባ ሰው፣ የእናቴ ዘመዶች፣ የካምፑ ሠራተኛ ሁሉ ከበቡን። ኢንጅነር ደምሴ ከመኪናቸው ወርደው ቁልፉን ተቀበሉና በሩን ከፈቱ። ወለሉ ላይ፣ ልክ ደፉ ሥር፣ ስብርባሪ መስታወት ያብለጨልጫል። እናቴ ያገኘችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ያኔ ጋሽ በቀለ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው፣ ከስብርባሪው መሃል ክዳኑ የተከፈተ አንድ የእንጨት ሳጥን አነሱ፤ ውስጡ መስታወቱ የረገፈ ማሾ ፋኖስ አለ።

«ይሄ የሷ ዕቃ አይደለም። ስትጭን እኔም አጠገቧ ነበርኩ፣ ይሄ አልነበረም» አሉ። «የማን ነው?»

ኢንጅነሩ አንገታቸው ድረስ ቀሉ።

«የእኔ ነው» አሉ። «መኪናዬ ሞልቶብኝ… በሩ ከተቆለፈ በኋላ፣ እናንተ መኪናው ላይ ስትወጡ፣ ከዘበኛው ሌላ ቁልፍ ተቀብዬ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጡት አልኩ።»

እናቴ ተነሳች። «ቢነግሩኝ ኖሮ በፍራሹ ጠቅልዬ አመጣልዎ ነበር» አለቻቸው፤ በቅን ልቧ ነው ያለችው፣ ሰው ግን በሳቅ ፈረሰ፣ ኢንጅነሩም ጭምር። ፍራሹን ፈታችና ብርጭቆዎቹን ከየካልሲያቸው እያወጣች ደረጃው ላይ ደረደረቻቸው፤ ስድስት። እንቁላሎቹን ከጤፉ አወጣች፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። በመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ለኢንጅነሩ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ብርጭቆውን ገልብጠው አዩት።

«ይቀመጡ፣ ቤትዎ ነው» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድም ካምፕ ያለ እኛ አልሄደም፣ የሌሎቹም ቤተሰቦች አልቀሩም። የትኛውም ሾፌር ዘይነባ መጎተቻውን አስነስታ ሳታይ ካራቫን አይጎትትም ነበር፤ ጋሽ በቀለማ አዲስ ሾፌር ሲመጣ ራሳቸው ያስተምሩታል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት አስመስለው። አመሻሽ ላይ የግሬደሩ ድምፅ ሲሰማ ኑረዲን አቧራውን እያስነሳ ወደ አባቴ ሲሮጥ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ የምታየው አስተያየት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እኔ በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ድል ያ ነው። ለሐያትም ነገርኳት፤ ከኋላ ያስቀመጠችውን የውሃ ታንከር ከጎማዎቹ በላይ እስክታዞረው ምርቃቴን እንደማላወጣም ጭምር።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ደብረ ብርሃን ላይ ባለ ሦስት ክፍል የድንጋይ ቤት ሠራን። እኔና ኑረዲን የየራሳችን ክፍል ስላገኘን ደስታችን ወደር አልነበረውም። ግድግዳው ግን ወፍራም ነበር፤ አባቴ የማናችንንም ሳል፣ የማናችንንም መገላበጥ መስማት አቃተው። ስለዚህ ማለዳ ሱብሂ ሰግዶ ሲያበቃ ኮሪደሩ ላይ ይቆምና «ዘይነባ፣ ፋጡማ፣ ኑረዲን» እያለ ይጣራል፤ ሁላችንም ከየግድግዳችን ማዶ አቤት እስክንል ሻይ አይቀምስም። የት እንሄዳለን ብለህ ነው እያልን እንስቅበት ነበር፤ እሱ ግን እስኪሞት አልተወውም። ዛሬ ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው፣ ኑረዲን ደሴ ነው የሚኖረው፣ ለዒድ ይደውላል። ያኔ ወደ አልዩ አምባ ቀኑን ሙሉ የፈጀብንን መንገድ አሁን መኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። የእኔ ቤት አራት ክፍል አለው። ሱብሂ ሰግጄ ምንጣፉ ላይ ዝም ብዬ እቆያለሁ፤ ሐያት ስትመጣ ለምን እንደምቆይ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ዚክር ነው እላታለሁ። እውነቱ ግን፣ ስሜን የሚጠራኝ ካለ አቤት ልል ነው።