ሁለተኛው ጨዋታ ያዛጋል

ለአባቴ የጭነት መኪና መንጃ ጨዋታ ያመጣሁለት በደግነቴ አይደለም። ቤት ከዋለ ወዲህ የሚነዳው ቢያጣ እኔን መንዳት ስለጀመረ ነው። ሻይ ይዤ ስመጣ እንኳ «ዝግ በይ፣ ኩርባ ነው» ይለኛል።

አባቴ ሃያ ዓመት በአይሱዙ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሙዝ አመላልሷል። አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ሲመለስ፣ ምዕራብ ዓባያን እንዳለፈ በጠራራ ፀሐይ የሰው ሙዝ እርሻ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሄደው በምርኩዝ ነው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ። ፍሬኑን ከጉዞው በፊት የሠራው ደግሞ ሁለት አጥር አልፎ ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ነው። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ሲቀላም ሴቻም ገባ፤ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ጥለውት ሄዱ። በመስቀል ሥጋ መላላካችን ቀረ። ሰውዬው ግን ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ «አንቺ፣ ደህና አደርሽ?» ማለቱን አልተወም። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፋለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፍኩት፤ ኩራትም ይሰማኝ ነበር።

አንደኛውን ጨዋታ በፍላሽ ላፕቶፔ ላይ ያስጫንኩት ሲቀላ ካለ ኮምፒውተር ቤት ነው። አገሩ የፈረንጅ አገር ነው። ዛፎቹ የተሰካ ጎመን ይመስላሉ፤ አስፋልቱ ላይ አንድ ላም የለም። አባቴ ግማሽ ሰዓት ነድቶ «እነዚህ ሰዎች ከብት የላቸውም እንዴ?» ብሎ ከልቡ አዘነላቸው። ቢሆንም ወደደው። በአንደኛው ጨዋታ ሾፌር አይደክመውም፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ሦስት አገር ያቋርጣል። «ሾፌር ማለት ይሄ ነው፤ እኛ እንቅልፍ አናውቅም» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ ሻጩ «ከአንደኛው ጋር አይወዳደርም» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝናቡ ሲጥል መጥረጊያው ይሠራል፣ ስፖኪዮው የኋላውን ያሳያል፣ ከተማው ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ሳይነግረኝ ቀረ፤ በዚህኛው ሾፌሩ ይደክመዋል። ካላሳረፉት ያዛጋል።

አባቴ በመጀመሪያው ቀን መቆሚያውን ሁሉ እያለፈ ነዳ። ላፕቶፑ በረጅሙ አዛጋ። አባቴ ወደ እኔ ዞረና «አንቺ፣ እንቅልፍሽ ከመጣ ሂጂ ተኚ» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም፤ ሾፌሩ ነው። አቁምና አሳርፈው።»

«ሾፌር በቀን አይተኛም።»

እንደገና አዛጋ። ከዚያ ስክሪኑ እንደ ዓይን ቆብ ቀስ ብሎ ተከደነ፤ ሲገለጥ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ ነው።

«ፍሬኑ ነው» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ፍሬኑ የታችኛው ቀስት ነው። ጣትህ አልነካውም።»

ጣቱን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። «አንደኛውን መልሺልኝ፤ ይሄኛው ውሸታም ነው» አለ። መለስኩለት። ሦስት ቀን ማንም በማያዛጋበት አገር ነዳ። ድሮ ከብት የላቸውም ብሎ ያዘነላቸውን ሰዎች አሁን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል፤ ክላክስ እንኳ አያደርግም። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ «ምነው፣ ሁለተኛው አስፈራህ?» አልኩት። ላፕቶፑን ከደነው።

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አለኝ። «ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ሙዙ ውስጥ ነኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ ቤቱ ግን ጨዋታ ካልተጫነበት የሚጠራ አልነበረም። የተናደድኩት በእሱ ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ጠዋት ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

«ሣር ንጪልኝ» አለኝ።

«ራስህ ንጭ።»

በጋሞ ይቅርታ ሊጠይቅ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅ የመጣ ሰው ይሰማል እንጂ አይመለስም። አባቴ በምርኩዙ ተደግፎ፣ በዚያ በማይታጠፍ ዳሌው ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ነጨ። አላገዝኩትም። ከኋላው ግን ተከተልኩት።

መካኒኩ ጎረቤታችን ጋራዡ ውስጥ ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር። ሣሩን ሲያይ ወጣ፤ እጁ ግሪስ ብቻ ነው። ባለ ባጃጁም ቆሟል። አባቴ ሰው አለ ብሎ ድምፁን አልቀነሰም።

«ፍሬኑ ደህና ነበር። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ሰውዬው።

«ምን ታውቃለህ?»

«የዚያኑ ዕለት ሄጄ መኪናውን ሳቃና ፍሬኑን ረገጥኩት። ይይዛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ተኝቶ ገለበጠ ከተባለ ማን መኪና ይሰጥሃል ብዬ ነዋ። ድነህ ትነዳለህ ብዬ ነበር።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ የአባቴን ምርኩዝ አየ። «እኔ እንኳ ሌላ ሥራ አላጣም አልኩ።»

አባቴ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሰውዬው ሣሩን ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ባለ ባጃጁን ወንበር እንዲያመጣ ላከው።

ከዚያ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ደህና አደርሽ?» አለኝ፤ እንደ ሁልጊዜው።

«ደህና አደርኩ፣ ጋሼ» አልኩ። ከቀትር በኋላ ነበር።