የደጊቱ አሥራ ሁለት አክስሎች

ደጊቱ ዳንግላ ከተማ ውስጥ ብረት በሚቀረጽበት አንድ ቶርኖ ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። ብረት ሲቆረጥ በድምፁ ብቻ ጥሩውን ከመጥፎው ትለያለች ይሏታል። ባለቤቱ ጋሽ ኪዳኑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ ሲያስመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ለማሽኑ የሚሰጠውን ትእዛዝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በስልኳ ይጽፍላታል፤ እሷ ትጭናለች። አሥራ ሁለት የጋሪ አክስሎችም፣ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዙት ዘንጎች፣ በዚሁ መንገድ ተሠርተው ለባለ ጋሪዎች ተሸጡ።

በሦስተኛው ሳምንት አዝመራው የተባለ ባለ ጋሪ የገዛው አክስል ቁልቁለት ላይ ለሁለት ተሰበረ። አዝመራው ከነጭነቱ ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረ።

ደጊቱ ስባሪውን አገላብጣ አየችው። ወፍራሙ ከቀጭኑ የሚገናኝበት ቦታ ለስለስ ብሎ መጉበጥ ሲገባው በስለት እንደተከረከመ ቀጥ ብሏል። የተሰነጠቀው ከዚያው ነው። በስልኳ ያለውን ትእዛዝ ብታነበው ጉብጠቱን የሚያዝዝ መስመር የለም። ሳታነብ ነበር የጫነችው።

«የብረቱ ችግር ነው በይ፤» አሏት ጋሽ ኪዳኑ። «ካልሆነም የጻፈው ስልኩ ነው።»

ጠበቃዋ ምሕረት ዘንድ ስትሄድ ሌላ ሰማች።

«ስልክ አይከሰስም፣ እህቴ። ፕሮግራሙን ስትከፍቺ እሺ ያልሽው ውል ‹ተጠቃሚው ራሱ ያረጋግጥ› ይላል። ያልመረመርሽው አንቺ፣ ሳያስፈትሹ የሸጡት ጋሽ ኪዳኑ ናችሁ ተጠያቂዎቹ።»

«የቀሩት አሥራ አንዱስ?»

«እያወቅሽ ዝም ካልሽ ከቸልተኝነትም ይብሳል።»

ከዚያ ወዲያ ጋሪ ሲንቀጫቀጭ በሰማች ቁጥር ዘላ ደጅ ትወጣለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠችና ባለ ጋሪዎቹን ፍለጋ ተነሣች። አንዱ ሰደባት፤ ሌላው «ሥራ አስፈታሽኝ» ብሎ አኮረፈ። ቢሆንም አሥሩን አክስል ሰበሰበች። የመጨረሻው አዲስ ቅዳም ከተማ፣ በጋሪ ከሰል ከሚያመላልሱት ከአባ ውብአየሁ ጋር ነው ተባለ።

ከሚኒባስ ስትወርድ ሽማግሌው ሚስታቸውን ከሰሉ ላይ አስቀምጠው ልጓሙን ይዘዋል።

«አባባ፣ እባክዎ አይነሡ! አክስሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥሽ፤ ይኸው ይሄዳል አይደል?»

ጋሪው ሥር ገብታ ቅባቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ግማሽ ዙሩን ሄዳለች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ውረጂ፤» አሏቸው ሚስታቸውን።

ፍርድ ቤቱ ደጊቱንም ጋሽ ኪዳኑንም ጥፋተኛ አለ፤ ራሷ በማመልከቷ የእሷ ቅጣት በገደብ ሆነላት። ጋሽ ኪዳኑ አሰናበቷት። አሁን እንጅባራ ከተማ ሌላ ቶርኖ ቤት ትሠራለች፤ ትእዛዙን መስመር በመስመር ሳታነብ ስለማትጭን «እጅሽ ዘገምተኛ ነው» ይሏታል። አዝመራው ዛሬም ያነክሳል።